የአርባ ቁጥር ደወል

የምኖርባትን ከተማ ስም አልጠራም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። እኛ ዘንድ ስም በየሳምንቱ ስለሚታረም፣ ዛሬ የትኛው እንደጸና ለማወቅ ጠዋት ወጥቼ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም። ስለዚህ ከተማዋ ብዬ ልቀጥል።

ከተማዋ በአንድ ዳገት ላይ የተሰደረች ባለ ሦስት ሰፈር ናት። ላይ ሰፈር ግድቡ ያለበት ነው። ታች ሰፈር ወንዙን ይዞ የተሠራው ነው። መሀል ሰፈር መሀል ላይ ነው፤ የራሱ አቋም ኖሮት አያውቅም፤ መሥሪያ ቤቶቹ በሙሉ ያሉት ግን እዚያ ነው።

በየሰፈሩ አንድ አንድ ስዊች አለ። ስዊች ማለት የሰፈሩ ሽቦዎች ሁሉ የሚሰኩበት፣ አረንጓዴ መብራት የሚያብለጨልጭ፣ ቁልፍ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ጠፍጣፋ ሳጥን ነው። ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚሄደው ሽቦ አንድ ብቻ ቢሆንም፣ በዚያ በአንዱ ሽቦ ውስጥ ብዙ መንገድ አለ፤ እያንዳንዱም መንገድ ቁጥር አለው። የሙያው ሰዎች ቪላን ይሉታል፤ እኛ መንገድ እንለዋለን። ወህኒ ቤቱ በራሱ መንገድ ያወራል፤ ዳቦ ቤቱ በራሱ፣ የሠርግ አዳራሹም በራሱ። አንዱ የሌላውን አይሰማም። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያውቀው በስዊቹ ውስጥ ያለው መዝገብ ነው። መዝገቡ «አምስት የዳቦ ቤት ነው» ካለ፣ በአምስት የተላከ ሁሉ ዳቦ ቤት ይገባል። ስዊች አይጠራጠርም።

የሦስቱ መዝገብ አንድ እንዲሆን የቀድሞ ሰዎች አንድ ሕግ አበጅተው ከስዊቾቹ ሆድ ውስጥ ጽፈውታል፦ ብዙ ጊዜ የታረመ መዝገብ ትክክለኛ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ መዝገብ ስንት ጊዜ እንደታረመ ራሱ ይቆጥራል። በእርማት የበለጠውን የቀሩት ሁለቱ ወዲያው ይገለብጡታል፤ የራሳቸውንም ይጥሉታል። የሕጉ ሐሳብ ደግ ነበር፤ ብዙ ያረመ ብዙ ያሰበ ነው ከሚል የመጣ ነው።

እኔ አራሚ ነኝ፤ የታች ሰፈር አራሚ። ሥራዬ በየቀኑ ገብቼ መዝገቡ ላይ «ፍየል» የሚባል መንገድ መጻፍ ነው። ከዚያ ፍየልን እሰርዛለሁ። ሁለት እርማት ሆነ። ላይ ሰፈርም የራሱ አራሚ አለው፤ እሱ «በግ» እያለ እንደሚጽፍ ሰምቻለሁ። ጠዋት እሱ ይበልጠኝና ከተማው የላይ ሰፈርን መዝገብ ይይዛል፤ ከሰዓት እኔ እበልጠውና የታች ሰፈርን ይይዛል። መሀል ሰፈር «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እያለ ሁለቱንም ሲገለብጥ ይውላል። በዚህ ሁኔታ ለብዙ ዓመት በሰላም ኖርን።

ሰላሙን ያደፈረሰው ዝናብ ነው። በዚያ ክረምት ሃያ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። ሰኞ ዕለት የግድቡ ጠባቂ ለአልጣሽ ማስታወሻ ላከላት። አልጣሽ በመሀል ሰፈር ጽሕፈት ቤት የመንገድ አስማሚ ናት፤ ቁጥሮች ሲጋጩ ማስታረቅ የእሷ ሥራ ነው። ማስታወሻው አጭር ነበር፦ «ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት በሮቹን እከፍታለሁ። እኔ ካልከፈትኳቸው ግድቡ ራሱ ይከፈታል። የታች ሰፈርን ደወል ፈትሹ።»

አልጣሽ ከሰዓት በኋላ አስፈተሸች። ጠባቂው በግድቡ ግንብ ላይ ያለውን የደወል ቁልፍ ተጫነ። ታች ሰፈር ደወል አልተሰማም፤ የሠርግ አዳራሹ ጥሩምባ ግን በሙሉ ኃይሉ ተነፋ። ከአዳራሹም «ሙሽራው ገና ከቤቱ አልወጣም፤ ማነው ያስነፋው?» የሚል ቁጣ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በላይ ሰፈር መዝገብ ላይ አርባ ቁጥር የጎርፍ ደወል ነው። የታች ሰፈር ሹም ይህን ሲሰሙ «በእኛ ደወል ላይ እኛን ሳያማክሩ ቁጥር ይሰጡናል?» ብለው ተቆጡና ደወሉን ወደ ሰባ አዛወሩት፤ ሰባ ከአርባ ይበልጣልና። አርባን ደግሞ ለንቀት ለሠርግ አዳራሽ ሰጡት። የግድቡ ቁልፍ ግን የሚያውቀው አርባን ብቻ ነው። ደወሉ የሚደወለው እንግዲህ በሮቹ በሚከፈቱበት ሰዓት የላይ ሰፈር መዝገብ ከጸና ብቻ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የእኔ የፍየሎቹ ሰዓት።

«ታዲያ ለሰዉ በአፍ መንገር ነው» ትሉ ይሆናል። አገራችንን አታውቁትም። በእኛ ሕግ ቀድሞ መደንገጥ ወንጀል ነው። ደወል ሳይደወል ከቤቱ የሸሸ ሰው ለአንድ ዓመት የሰፈሩን ውሃ ከወንዝ ይቀዳል፤ ስሙም በአደባባይ ይነበባል። ድሮ ሰው በየደመናው እየሮጠ ሥራ ስለፈታ የወጣ ሕግ ነው አሉ።

በዚህ ሕግ ሠላሳ ዓመት የፈረዱት ዳኛ አቶ ጓንጉል ናቸው። አቶ ጓንጉል የአልጣሽ አባት ናቸው። ቤታቸው ከወንዙ ሦስተኛው ቤት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አልጣሽ ጭቃውን እየዳኸች ወረደች። አባቷ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ወንዙን ያያሉ። ወንዙ ቡና መስሎ ከወትሮው ሁለት ክንድ ከፍ ብሏል።

«አባባ፣ ሐሙስ ውሃ ይለቀቃል። ዛሬውኑ እኔ ዘንድ ይምጡ።»

«ደወል ተደወለ?»

«አልተደወለም።»

«እንግዲያው ምን ሆንሽ?»

«ላይደወል ይችላል እኮ ነው የምልዎት! ቁጥሩ ተጋጭቷል።»

«የተጋጨ ቁጥር የሚያስማማው ማነው?»

አልጣሽ መሬት መሬት አየች። «እኔ ነኝ።»

«አስማሚዋ አስማሚ እንግዲህ።» አቶ ጓንጉል ከዘራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። «ስሚ ልጄ። ታናሽ ወንድሜን ውሃ ያስቀዳሁት እኔ ነኝ። ከደወል በፊት ሮጠሃል ብዬ። ዓመት ሙሉ በዚህ በር ላይ እንስራ ተሸክሞ አለፈ፤ አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየኝም። ዛሬ እኔ ብሮጥ ምን ልለው ነው?»

«ይሳቅብዎ! ቢስቅብዎ ምን አለበት? በሕይወት ይኑሩልኝ እንጂ!»

«አይስቅም» አሉ አቶ ጓንጉል። «ቢስቅማ እወጣ ነበር።» ከዚያ ወደ በሩ አመለከቱ። «ጫማዬን በሩ ላይ አስቀምጫለሁ። ሲደወል አጥልቄው እወጣለሁ። ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

አልጣሽ ዳገቱን ስትወጣ አለቀሰች። ፊቷ ላይ የዝናቡ ውሃ ስለነበረ ማንም አላወቀባትም።

ቀጥታ የሄደችው መሀል ሰፈር ወዳለው የታች ሰፈር ሹም መሥሪያ ቤት ነው። እኔም እዚያው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ።

«ጌታዬ፣ ደወሉ የእርስዎው ሰው ደወል ነው። ለሐሙስ ብቻ አርባ ይሁን።»

«ሰባ ከአርባ አይበልጥም?»

«ይበልጣል።»

«ታዲያ ለምን እናንሳለን?»

«ቁልፉ አርባ ብቻ ስለሚያውቅ ነው ጌታዬ።»

«ቁልፉ ይማር።»

ቁልፉን ለማስተማር የታተመበትን ማኅተም መፍታት ያስፈልጋል፤ ማኅተሙን የሚፈታው ኮሚቴ በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፤ የዚያ ዓመት ስብሰባ ደግሞ በዝናቡ ምክንያት ተላልፎ ነበር። የላይ ሰፈር ሹምም ቢሆኑ አልተሻሉም። «አርባን የሰጠናቸው አክብረናቸው ነው። እኛ ራሳችን የያዝነው አሥራ ሁለትን ነው። ምስጋናቸው ይኼ ከሆነ ይነፋላቸው ጥሩምባው» አሉ። ላይ ሰፈር ውሃ አይደርስም።

ረቡዕ ጠዋት አልጣሽ ለምና፣ ተለማምጣ፣ ሁለቱን ሹማምንት ሸንጎ አስቀመጠቻቸው። ሦስት ሰዓት ተከራከሩ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ አርባና ሰባ ለምን መሀል ላይ አይገናኙም?» ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ተደመረ፤ ለሁለት ተካፈለ፤ አምሳ አምስት ሆነ። ደወሉ አምሳ አምስት ይሁን ተባለ። ሹማምንቱ ተቃቀፉ፤ ጭብጨባ ሆነ። አልጣሽ ብድግ ብላ «ቁልፉ አምሳ አምስትንም አያውቅም!» ስትል፣ የዕርቅ ቀን ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም ብለው አስቀመጧት።

እንደታዘዘችውም አምሳ አምስትን ጻፈች። ሩብ ሰዓት አልቆየም። የላይ ሰፈር አራሚ በግ ጻፈና ሰረዘ፤ የእሷ እርማት ተውጦ ጠፋ። እኔም ፍየሌን ጻፍኩ።

ያን ጊዜ ነው እኔ ዘንድ የመጣችው። ነጠላዋ ረጥቦ ትከሻዋ ላይ ተጣብቋል።

«ወንድሜ፣ ፍየልህን ለአንድ ቀን ተዋት።»

«እኔ ብተዋት የላይ ሰፈሩ በጉን አይተውም።»

«አይተው! እሱ እንዲያሸንፍ እኮ ነው የምፈልገው። የእሱ መዝገብ ላይ አርባ ደወል ነው።»

«አልጣሽ፣ ልጆች አሉኝ» አልኳት። «ከሥራ ብባረር ማን ያበላቸዋል?»

ትክ ብላ አየችኝና ወጣች። ልጆቼ የሚኖሩት ታች ሰፈር መሆኑ ትዝ ያለኝ ከሄደች በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የእርማት ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ይህን የምናገረው ማንም ስላስገደደኝ አይደለም፤ ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ነው።

አልጣሽ ከእኔ የወጣችው ወደ ዕቃ ቤቱ ነው። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ጋሼ ዘብዴዎስ ምሳ ዕቃቸውን የሚያስቀምጡበት አንድ አሮጌ ስዊች ነበራቸው። ሰልጣኞች ለዓመታት የተለማመዱበት ነው፤ ሲጽፉበትና ሲሰርዙበት የኖሩት። አልጣሽ ምሳ ዕቃውን አንስታ፣ አቧራውን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ኤሌክትሪክ ሰጠችውና የእርማቱን ቁጥር አየች። ዘጠና ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ይላል። እኔና የበጉ ሰውዬ በዕድሜ ልካችን የደረስነው ስምንት ሺህ ላይ ነበር።

«ጋሼ ዘብዴዎስ! ይኼ እኮ ከሁሉም ይበልጣል!»

«እሱ? እሱ ምንም አያውቅም እኮ ልጄ። የሽንኩርት ወጥ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«እውቀቱን እኔ እሰጠዋለሁ።»

ቁጭ ብላ የከተማውን መንገዶች አንድ በአንድ ጻፈችበት፤ ሠላሳ ሁለቱንም። አርባ ላይ «ደወል» ብላ ስትጽፍ ሦስት ጊዜ ተሳሳተች። አንድ መንገድ ብትረሳ ያ መንገድ ከሦስቱም ሰፈር ይጠፋል፤ ስለዚህ ደጋግማ ቆጠረች። ጨርሳ ቀና ስትል ወገቧ አልታዘዝ አላት። ጋሼ ዘብዴዎስም «ነገ እኔ ተሸክሜ አመጣልሻለሁ፤ አንቺ ሂጂና እረፊ፤ ፊትሽ አመድ መስሏል» አሏት። ሄደች። ስዊቹ የተጻፈለትን እንዲይዝ «መዝግብ» ተብሎ መታዘዝ አለበት፤ ካልታዘዘ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የተጻፈበትን ይረሳል፤ የእርማቱን ቁጥር ብቻ አይረሳም። ይህን ከአልጣሽ የበለጠ የሚያውቅ በከተማው አልነበረም። ሆኖም ያን ቀን አላዘዘችውም።

ሐሙስ ሰማዩ ጠቁሮ ዋለ። ጋሼ ዘብዴዎስ ስዊቹን ከኤሌክትሪኩ ነቅለው፣ እንዳይረጥብ በጋቢ ጠቅልለው፣ የሚያንሸራትተውን ዳገት እየወደቁ እየተነሱ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ። አልጣሽ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ጋቢውን ፈታች፤ ኤሌክትሪክ ሰጠች፤ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን መዝገቡን ሳታይ ሽቦውን ሰካችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እሷ ግን ያፈሰሰችውን የምትለቅምበት ጊዜ አልነበራትም።

መዝገቡ ባዶ ነበር። ዘጠና ሺህ ጊዜ የታረመ ባዶ።

ሦስቱም ስዊቾች አዩት፤ ከእነሱ ይበልጣል፤ ገለበጡት። ደወል፣ ሠርግ አዳራሽ፣ ወህኒ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ አምሳ አምስት፣ ሰባ፣ አርባ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ጠፋ። የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው። መንገድ አንድን ማንም አልጻፈውም፤ ማንም ሊሰርዘውም አይችልም። ስዊቹ ሲወለድ አብሮት የተወለደ ነው። የከተማው ሽቦ በሙሉ እዚያ ላይ ወደቀ።

በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሰፈር ማስታወቂያ የሚነገርበት ድምፅ ማጉያ አለ። ያ ሁሉ ድምፅ ማጉያ በአንድ ጊዜ አፉን ከፈተ። የወህኒ ቤቱ ስም ጥሪ በዳቦ ቤት ተሰማ፤ ዳቦ ጋጋሪውም በልማድ «አቤት» አለ። የላይ ሰፈር ሹም በስልክ «ቢሰምጡስ? ቢያንስ የቁጥሩ ጭቅጭቅ ይቀርልናል» ሲሉ ከተማው በሙሉ ሰማቸው። የታች ሰፈር ሹም መልስ ለመስጠት ሲሮጡ ትንፋሻቸው ተሰማ። አንዲት ሙሽራ ከሠርግ አዳራሹ «እኔ እሱን አላገባም አልኩ!» ስትል ሙሽራው ቤቱ ቁጭ ብሎ አዳመጠ። ሰው በየበሩ ወጥቶ ይስቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

አልጣሽ አልሳቀችም። ወዲያው አርባን እንደገና ጻፈች። ግን የወደቁትን ሽቦዎች ወደ ቦታቸው ለመመለስ የየሰፈሩን ቁም ሳጥን ከፍቶ በእጅ ማሰለፍ ያስፈልጋል። የታች ሰፈሩ ቁም ሳጥን መክፈቻ ቁልፍ ያለው በሹሙ ኪስ ነው። ሹሙ እዚያው ጽሕፈት ቤቱ መጥተው፣ እኔን አስከትለው ቆመዋል።

«ቁልፉን ይስጡኝ ጌታዬ! በእግዜር!»

«መጀመሪያ ደወሉን በስንት ቁጥር እንደምትመልሺው በጽሑፍ።»

ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ሆነ። ቁልፉ ቢሰጣትም እንኳ በዚያ ጭቃ ታች ሰፈር ወርዶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ለመመለስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ደወሉ ደግሞ በስሙ በተጻፈ መንገድ ካልተጠራ አይሰማም፤ መንገድ አንድ ለእሱ ዝምታ ነው። አልጣሽ ይህ ሁሉ ገባት። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማይክሮፎን ያዘች።

«ውድ የታች ሰፈር ነዋሪዎች» አለች፤ «ውሃው በዘጠኝ ሰዓት ይለቀቃል። እባካችሁ አሁኑኑ ውጡ።»

 አንድ የታች ሰፈር ሰው በስልኩ «ይኼ ማስታወቂያ በስንት ቁጥር ነው የተላለፈው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው «በአንድ ነው» አለው። «አንድ ደግሞ የማን ነው?» «የማንም አይደለም።» «እንግዲያው ማንም አልተናገረም ማለት ነዋ።» ሳቁ ቀጠለ። ማንም ከቤቱ አልወጣም።

አልጣሽ ያን ጊዜ የሆነችውን እኔ እንጃ። እሷም በደንብ አታስታውሰውም። ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ አንቃ እንዲህ ብላ ጮኸች፦

«አባባ! ተነስ! ተነስና ውጣ! አንተ ግትር ሽማግሌ! ጫማህን ተወው፣ ውጣ ብዬሃለሁ! አትሰማም እንዴ!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ወህኒ ቤቱ እንኳ ስም መጥራቱን አቆመ።

በከተማችን አባትን «አንተ» ያለ ልጅ አልተሰማም። ይህ ድምፅ ደግሞ በአንድ ሰው ቤት አልቀረም፤ በየሽማግሌው ግድግዳ ላይ፣ በየጆሮው ውስጥ «አንተ ግትር ሽማግሌ» ብሎ ገባ። ስም አልጠራችም፤ «አባባ» ብቻ ነው ያለችው። አባት የሆነ ሁሉ በእሱ የተባለ መሰለው። በሕጋችን ደግሞ ስድብ በዕለቱ፣ ተሰዳቢው በእግሩ ሄዶ፣ ሰዳቢው ባለበት ቦታ ካልከሰሰ ይሻራል፤ ማስታወቂያ የሚነገረው ደግሞ ከመሀል ሰፈር ጽሕፈት ቤት መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

መጀመሪያ የታየኝ በታችኛው መንገድ ላይ የአንድ ሰው ከዘራ ነው። ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ሃምሳ። የታች ሰፈር ሽማግሌዎች በሙሉ እየተንቀጠቀጡ፣ እየተሳደቡ፣ ጭቃው ላይ እየወደቁና እየተነሱ ወደ መሀል ሰፈር ይወጣሉ። ከኋላቸው «እባክዎ ይመለሱ፣ ይታመማሉ» የሚሉ ልጆች፤ ከልጆቹ ኋላ ጉዱን ለማየት የልጅ ልጆች፤ ከእነሱ ኋላ «ማን ተሰደበ?» የሚሉ ጎረቤቶች። ሚስቴ ሦስቱን ልጆቼን ይዛ አማቷን ተከትላ ስትመጣ አየሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኳቸው።

የታች ሰፈር ሹም ሁኔታውን አይተው ተጨነቁ። ሰፈራቸው ደወል ሳይደወል ባዶ እየሆነ ነው። ወንበር አስመጥተው እኔን በሩ ላይ አስቀመጡኝ፤ መዝገብም ሰጡኝ። «የሚመጣውን ሁሉ ጠይቅ። በክስ ነው የመጣኸው ወይስ በድንጋጤ? በድንጋጤ ያለውን ለይተህ ጻፍ፤ ነገ ውሃ ይቀዳል» አሉኝ።

ጠየቅሁ። «በክስ!» አሉ። «በክስ ነው እንጂ!» «ይህችን ባለጌ ሳልከሳት ብውል ምኑን ሽማግሌ ነኝ?» ሁሉም በክስ ነበር የመጣው። ክስ ሕጋዊ ነው፤ ድንጋጤ ግን አይደለም። ሁለት መቶ ስድስት ሰው በክስ ጻፍኩ፤ ቤተሰቡንም «የክስ ተከታይ» ብዬ መዘገብኩ። ሽማግሌዎቹ ገብተው አልጣሽን ከበቧት። እሷ አንዱንም አትሰማም። በከዘራዎቹ መሀል አንገቷን እያወጣች በሩን በሩን ታያለች። እያንዳንዱን ነጭ ፀጉር ስታይ ትነሳለች፤ ፊቱን ስታየው ትቀመጣለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከላይ ሰፈር በኩል እንደ ነጎድጓድ ያለ፣ ግን የማያቆም ድምፅ መጣ። ድምፅ ማጉያዎቹም አንድ በአንድ ከታች ጀምረው ዝም አሉ። አልጣሽ «አባባ» አለች፤ በጣም ቀስ ብላ። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ወደ መስኮቱ ሄደው ወደ ታች አዩ። በሰፈራቸው ቦታ ውሃ አዩ። ከእነሱም አንዱ መለስ ብሎ «ለመሆኑ» አለ፤ ቁጣው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም፤ «ይህች ልጅ የማን ልጅ ናት?»

ብዙዎቹ ያውቃሉ፤ ግን በአንድ ዳኛ ላይ እንዲህ ያለ ውርደት የሚያወጣ ሰው አልተገኘም።

ያን ጊዜ በዳገቱ መጨረሻ አንድ ሰው ብቅ አለ። እስከ ደረቱ ርጥብ ነው። ባዶ እግሩን ነው። ከዘራ የለውም፤ በከዘራው ፈንታ ሌላ ሽማግሌ ደግፎት ነበር፤ ያም እንደሱ የረጠበ፣ በመልክም እሱን የሚመስል። ወንድማማቾቹን ሳያቸው ብድግ አልኩ። አቶ ጓንጉል እዚህ ለመድረስ የዘገዩት በታናሽ ወንድማቸው በር በኩል ዞረው ስለመጡ ነው፤ ምን ተባብለው እንደወጡ ግን ማንም አያውቅም።

አልጣሽ ከከዘራዎቹ መሀል ተፈትልካ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። አቶ ጓንጉል አዩዋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ መዝገቤን አዩ፤ ሕጉን ከሁላችንም በላይ ያውቁታል።

ሹሙ ከኋላዬ ቆመዋል፤ መጠየቅ ነበረብኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «በክስ ነው የመጡት ወይስ በድንጋጤ?»

የተሰበሰበው ሽማግሌ በሙሉ አዳመጠ። ታናሽ ወንድማቸው ክንዳቸውን እንደያዙ ናቸው።

«ይህች ልጅ የእኔ ናት» አሉ አቶ ጓንጉል። «ስትጠራኝ ደነገጥኩ። በድንጋጤ ብለህ ጻፍ።»